የሉሰይል የቅዝቃዜ ቢል እንዴት ይሠራል?

ሉሰይል ውስጥ ፎክስ ሂልስ ወይም ማሪና አካባቢ አፓርታማ የተከራየ ሰው በወር ሁለት ቢል ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው የካህራማ ነው፤ የመብራትና የውኃ፤ እሱን ኳታር የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው የቅዝቃዜ ቢል ነው፤ ሰው የሚጣላውም በእሱ ነው። በረንዳ ላይ የሚያጓራ ኮምፕረሰር የለም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤሲ የለም፣ ቤቱ ግን ይቀዘቅዛል፤ ሒሳቡም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። «ወሩን ሙሉ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ቤቱ ተዘግቶ ነው የከረመው፣ ታዲያ ይሄ የምን ገንዘብ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይነሣል።

መልስ አለው። መልሱ ለጠያቂው ላይጥመው ይችላል እንጂ።

ሉሰይልን አብዛኞቻችን ያወቅናት ታኅሣሥ 2022 አርጀንቲና ፈረንሳይን አሸንፋ ዋንጫ ያነሣችበት ስታዲየም ስላለባት ነው። ከዶሃ በስተሰሜን፣ ባሕሩን ተጠግታ ከባዶ አሸዋ ላይ የተነሣች አዲስ ከተማ ናት። አሮጌ ከተማ ቱቦ ለመቅበር አስፋልት መቆፈር አለበት፤ እዚህ ግን አስፋልቱ ሳይፈስ ቱቦው ቀድሞ ገባ። ስለዚህ ማቀዝቀዣውም እንደ ውኃና እንደ ፍሳሽ በመሬት ውስጥ ተዘረጋ። ከተማዋን የሚያለማው ኳታሪ ዲያር ሲሆን፣ የቅዝቃዜ መረቡን የሚያስተዳድረው የእሱ ኩባንያ መራፊቅ ነው። ሲታቀድ መረቡ እስከ 500,000 ቶን የማቀዝቀዝ አቅም እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ጎረቤቷ የፐርል ደሴትም በዚሁ ዘዴ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ኳታር ኩል የተባለው ኩባንያ በ2010 የከፈተው የዚያ ጣቢያ አቅም 130,000 ቶን ነው።

«ቶን» ወደተባለው ነገር እንመለስበታለን፤ አስቀድሞ የውኃውን መንገድ እንከተል። ጣቢያው ውስጥ ያሉ ግዙፍ ማሽኖች ውኃን ወደ 5 ወይም 6 ዲግሪ ያወርዱታል። ውኃው ሙቀት እንዳያስገባ በተሸፈነ ቱቦ ከመሬት በታች ተጉዞ የየሕንጻው ምድር ቤት ይገባል። እዚያ የኩባንያው ውኃና የሕንጻው ውኃ በስስ የብረት ሳህኖች ግራና ቀኝ ይተላለፋሉ፤ አይቀላቀሉም፣ ሙቀት ብቻ ይሻገራል። የሕንጻው ውኃ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒስ ውስጥ የተደበቀው ማራገቢያ ጋ ይደርሳል። ማራገቢያው የክፍሉን አየር እየሳበ በቀዝቃዛው ጥምዝምዝ ቱቦ ላይ ይነፍሰዋል። ውኃው የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ 13 ወይም 14 ዲግሪ ሆኖ ይመለሳል፤ በቀጣዩ ዙርም እንደገና ይመጣል። ኩባንያው የሚያስከፍለን ይህን ሙቀት አውጥቶ ስለሚጥልልን ነው።

የሚጥለውስ የት ነው? ጣቢያው አናት ላይ ውኃ የሚረጭባቸው ማማዎች አሉ፤ ሙቀቱ እነሱ ላይ ውኃውን አትንኖ ወደ ሰማይ ይወጣል። አንድ ቶን ሙቀት ለአንድ ሰዓት ለማውጣት ወደ 6 ሊትር ውኃ ይተናል። ኳታር የሚጠጣ ውኃዋን በአብዛኛው ከባሕር ጨው አጣርታ ነው የምታገኘው፤ እሱን በየሰዓቱ ማትነን አይታሰብም። ስለዚህ ማማዎቹ ላይ የሚውለው የተጣራ የፍሳሽ ውኃ ነው። በመታጠቢያ ቤታችን የላክነው ውኃ ሳሎናችንን ሲያቀዘቅዝ ማለት ነው።

አሁን ስለ ቶኑ። ማሽን ሳይኖር በፊት ቅዝቃዜ በበረዶ ነበር የሚሸጠው፤ ልኬቱም ከዚያ ዘመን ቀረ። 907 ኪሎ በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ ከአካባቢው የሚስበው ሙቀት አንድ ቶን ተባለ። በዛሬው ቋንቋ 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው፤ ጠንቃቃዎቹ 3.517 ይሉታል። ይህ ቁጥር ሐበሻ ቤት በደንብ ይታወቃል፤ ከአገር ቤት የሚመጣው ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበላው ኃይል እዚሁ ግድም ነውና። እንግዲህ ምጣድ በጋለበት ኩሽና፣ የምጣዱ ሙቀት ሁሉ ቤት ውስጥ ቢቀር፣ እሱን ብቻ ለማውጣት አንድ ቶን ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። በውኃ ቋንቋ ሲነገር፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ መጥቶ በ8 ዲግሪ ተኩል ሞቆ መሄድ አለበት።

ምድር ቤት ወይም ኮሪደር ላይ ያለው ቆጣሪ የሚለካውም ይህንኑ ነው። «ቢቲዩ ሜትር» ይሉታል። ስንት ውኃ እንዳለፈ ይቆጥራል፤ ሲገባ ስንት ዲግሪ፣ ሲወጣ ስንት ዲግሪ እንደነበር በሁለት መለኪያ ያነባል፤ ከዚያ ያባዛል። ብዙ ውኃ አለፈ ማለት ብቻውን ብዙ ሒሳብ ማለት አይደለም፤ ሳይሞቅ የተመለሰ ውኃ ምንም አልተሸከመምና። ግን አንድ ስስ ቦታ አለው። ሁለቱ የሙቀት መለኪያዎች እርስ በርስ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳቱ፣ ልዩነቱ 8 ዲግሪ ተኩል በሆነበት ቤት ስሕተቱ 6 በመቶ አይሞላም። ፊልተሩ በአቧራ ታፍኖ ውኃው በ3 ዲግሪ ብቻ ሞቆ በሚመለስበት ቤት ግን ያው ግማሽ ዲግሪ ከ16 በመቶ በላይ ይሆናል። ፊልተር ማጠብ ለሳንባ ብቻ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቢሉን እንዘርጋው። ስሙ ከኩባንያ ኩባንያ ቢለያይም ውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የአቅም ክፍያ ነው፤ ለቤቱ ሦስት ወይም አራት ቶን ተብሎ የተያዘለት ቦታ። ጣቢያው ማሽኑን፣ ቱቦውን፣ ሠራተኛውን የነሐሴን ቀትር አስቦ ነው ያዘጋጀው፤ እኔ አዲስ አበባ ቡና ስጠጣ ያ ማሽን አልፈረሰም። ይህ ክፍያ ቤቱ ተከፈተም ተዘጋም አይነቃነቅም። ሁለተኛው የፍጆታ ክፍያ ነው፤ ቆጣሪው ባነበበው ልክ በ«ቶን ሰዓት» ወይም በኪሎዋት ሰዓት የሚሰላ። ዝግ ቤት ላይ የመጣው ገንዘብ በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ «አልተጠቀምኩም» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም። የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የአቅም ክፍያውን በውሉ መሠረት የሚከፍለው ማነው? አከራዩ ነው ወይስ ተከራዩ? ማስታወቂያው ላይ «ካህራማና ኩሊንግ ኢንክሉድድ» የሚል ቃል አለ፤ «ካህራማ ኢንክሉድድ» ብቻ የሚልም አለ። የሁለቱ ልዩነት በበጋ ወር የአንድ ሰው የምግብ ወጪ ሊሆን ይችላል፤ ደላላው በቃል የነገረው ደግሞ ሒሳብ ቢሮ ሲደርስ ዋጋ የለውም። ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

የመለኪያው ስም ራሱ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቢሉ በኪሎዋት ሰዓት ከመጣ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ለ3.517 ሲካፈል ቶን ሰዓት ይሆናል። ከካህራማው ኪሎዋት ሰዓት ጋር ማወዳደር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ይህኛው የወጣ ሙቀት ነው፣ ያኛው የገባ ኤሌክትሪክ። አንድ ቶን ሙቀት ለማውጣት ጥሩ ጣቢያ ከ1 ኪሎዋት ያነሰ መብራት ይበቃዋል፤ በሐምሌ ሙቀት በረንዳ ላይ የሚለፋ ተራ ኤሲ 1.5 አካባቢ ይፈልጋል። አገሪቱ ዘዴውን የወደደችበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ቁጠባው ግን ለአገሪቱ ነው እንጂ በቀጥታ ተከራዩ ኪስ ይገባል ያለ የለም።

በወረቀትና በእስክሪብቶ የምትሠራ አንዲት ማጣሪያ አለች፤ ቅሬታ ከማቅረብ በፊት ትሠራ። የቤቱን አቅም በ24፣ ከዚያ በ30 ማባዛት ነው። አራት ቶን የተያዘለት ቤት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ሙሉ በሙሉ ቢጠቀም በወር 2,880 ቶን ሰዓት ነው። ቢሉ ላይ ከዚህ የበለጠ ቁጥር ካለ ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል፣ ወይ የሌላ ቤት ቁጥር ተነቧል፣ ወይ የመለኪያው ስም ተምታቷል፤ በጥቅሉ ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም። ወደዚያ ቢጠጋ እንኳ ሰው ይጠራ፤ የትኛውም ቤት ሌሊቱን እንደ ቀትሩ አያቃጥልም።

ተካፍለው በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣው ጠብ ግን ከኩባንያው ጋር አይደለም፤ እርስ በርስ ነው። አንድ ፎክስ ሂልስ ያለ ቤት እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ የሰማሁት እንዲህ ነበር። ቢሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ከመካከላቸው ታናሿ ጣቷን ወደ ኩሽና ቀሰረች።

«እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ምጣዱ ነው እኮ ይሄን ያመጣው። ስትጋግሪ ቤቱ እሳት ነው የሚሆነው።»

«እኔ ስጋግር እሳት ከሆነ፣ ስትበይው ለምን አልቀዘቀዘሽም?» አለች ጋጋሪዋ። «ልጄ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምጋግረው። ሌላውን ስድስት ቀን ማን በላው?»

እትዬ ልክ ነበረች፤ ሒሳቡም ይመሰክርላታል። አንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ነው፤ በቅዝቃዜ ቋንቋ አንድ ቶን ሰዓት ተኩል። በወር አራት ጊዜ ከተጋገረ 6 ቶን ሰዓት። ወርኃዊ ፍጆታው 700 ከሆነ ቤት ውስጥ እሱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የኩሽናው አየር ማውጫ ሲሠራ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። (የካህራማው ቢል ላይ ምጣዱ ይታያል፤ እሱን ለየብቻ ተነጋገሩ።)

እውነተኛው በላተኛ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ወደ ምዕራብ የሚያየው ትልቁ መስኮት። 6 ካሬ ሜትር መስተዋት፣ ቀለም የተቀባም ቢሆን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ከ1 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ወደ ውስጥ ማስገባቱ አያስገርምም። ለአራት ሰዓት ከተመታ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ማለትም ያ መስኮት በየቀኑ፣ እሑድ የለ ቅዳሜ የለ፣ አንድ ሙሉ ጋገራ ይጋግራል። ወፍራም መጋረጃ፣ በተለይ ጀርባው ነጭ የሆነ፣ ከምጣድ ክልከላ እጅግ የበለጠ ያተርፋል።

ሌላው በላተኛ እርጥበት ነው። ሉሰይል ባሕሩ አጠገቧ ስለሆነ በነሐሴ ማታ በረንዳ የወጣ ሰው መነጽሩ ይጨልምበታል። «ንጹሕ አየር ይግባ» ተብሎ የበረንዳ በር ሲከፈት ያ እርጥበት ይገባል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ አየሩን ከማብረዱ በፊት ውኃውን መጭመቅ አለበት። አንድ ባልዲ፣ 10 ሊትር ውኃ ከአየር ለመጭመቅ ወደ 2 ቶን ሰዓት ይሄዳል። ኮርኒሱ ውስጥ ካለው ማራገቢያ በቀጭን ቱቦ የሚወርደው ውኃ ይህ ነው፤ ቱቦው ሲደፈን ውኃው አልጋ ላይ ይንጠባጠባል፤ ተከራይ ሁሉ «ቱቦ ፈነዳ» ብሎ ይጮኻል። አልፈነዳም። ማፍሰሻው ተደፍኗል።

ሦስተኛው ቴርሞስታቱ ነው። ከሥራ የደከመ ሰው ገብቶ 16 ላይ ያደርገዋል፤ ቶሎ እንዲበርድ። ቶሎ አይበርድም። ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ያው ነው፤ ቫልቩ በ24ም ይሁን በ16 ሙሉ በሙሉ ነው የሚከፈተው፤ ልዩነቱ በ16 ላይ ሳይዘጋ መቅረቱ ነው። ውጭው 42 ሲሆን ቤቱን 24 ላይ መያዝ 18 ዲግሪ ልዩነት መሸከም ነው፤ 18 ላይ መያዝ ደግሞ 24 ዲግሪ። በግድግዳና በመስተዋት የሚገባው ሙቀት በዚያው ልክ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ይህን ለአብሮ አደሮች ማስረዳት ከባድ ነው፤ አንዱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሌላው ከናቴራ ለብሶ በአንድ ሳሎን የሚቀመጥበት ቤት ሞልቷል።

ለእረፍት አገር ቤት የሚሄድ ሰው «ጥርቅም አድርጌ ዘግቼው እሄዳለሁ» ይላል። በታኅሣሥ ይቻላል። በሐምሌ ግን የተዘጋ ቤት ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ተመልሶ የሚጠብቀው ሻጋታ የያዘ ፍራሽና ቁም ሣጥን ነው። 27 ወይም 28 ላይ ትቶ መሄድ ይሻላል፤ የፍጆታ ክፍያው ትንሽ ይሆናል፣ ልብሱም ይተርፋል።

ቤቱ አልቀዘቅዝ ሲል ለማን ይደወላል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጉልበት የሚባክነው። የቅዝቃዜ ኩባንያው ድርሻ ምድር ቤት ያለው የሙቀት መለዋወጫ ጋ ያበቃል። ከዚያ እስከ ኮርኒሱ ያለው ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ማራገቢያ የሕንጻው አስተዳደር ነው። ፊልተሩና ቴርሞስታቱ ብዙ ጊዜ የነዋሪው ናቸው። ሙሉ ሕንጻው ከሞቀ ኩባንያው ወይም የሕንጻው ፓምፕ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ከሞቀ ኩባንያው ጋ መደወል ቀን ማቃጠል ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ኩባንያው ጋ ስትደውል «ሕንጻው ነው» እየተባለች፣ ሕንጻው ጋ ስትሄድ «ኩባንያው ነው» እየተባለች ሰነበተች፤ በመጨረሻ የጎረቤቷን በር አንኳኩታ የእሱ ቤት እንደሚቀዘቅዝ ስታይ ነገሩ አለቀ። ጎረቤት ዋናው መመርመሪያ መሣሪያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቦስተንና ሜይን ያሉ ወገኖቻችን የዚህን የቅዝቃዜ ጣጣ ግልባጭ ይኖሩታል፤ የእነሱ ጭንቀት ማሞቅ ነው። እዚያ ብዙ ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ የማሞቂያ ነዳጅ ታንከር አለው፤ የተለመደው 275 ጋሎን፣ ወደ 1,040 ሊትር ይይዛል። ቦቴ መጥቶ ይሞላል። አውቶማቲክ ውል ያለው ደንበኛ አይደውልም፤ ኩባንያው ራሱ የየቀኑ አማካይ ሙቀት ከ65 ፋራናይት፣ ከ18 ሴልሺየስ ግድም፣ ስንት ዲግሪ እንደወረደ እየደመረ ታንከሩ መቼ እንደሚጎድል ይገምታል። ቅሬታቸውም አለ፤ ቦቴው ዘገየ፣ ዋጋው ጨመረ፣ ግምቱ ተሳስቶ ሌሊት ማሞቂያው ጠፋ። ግን አንድ መሣሪያ በእጃቸው ነው፤ ሻጩ ካስከፋቸው በሚቀጥለው ሙሊት ሌላ ሻጭ ጋ መደወል ይችላሉ። ነዳጅ በጎማ ስለሚመጣ ሻጭ ይቀየራል።

ሉሰይል ላይ ቱቦው አንድ ነው። የቱቦው ባለቤት ካልጣመ ያለው ምርጫ ቤት መቀየር ነው፤ አዲሱም ቤት ያው ቱቦ ላይ ሊሆን ይችላል። ደንበኛ መሸሽ በማይችልበት ገበያ ላይ ተገቢ ዋጋና አገልግሎት የሚጠበቀው ከሻጮች ፉክክር ሳይሆን ከተቆጣጣሪው ነው። ኳታር በ2024 የማዕከላዊ ማቀዝቀዣ አገልግሎትን የሚገዛ ሕግ አውጥታለች፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረውም ካህራማ ነው። ስለዚህ ከኩባንያው ጋር መግባባት ያቃተው ደንበኛ ከአከራዩ ጋር ብቻ ሲነታረክ መክረም የለበትም፤ ውሉን፣ የቆጣሪውን ፎቶና ቢሎቹን ይዞ ወደ ካህራማ መሄድ ይችላል። ወረቀት የሌለው ሰው ግን የትም ቢሄድ ያው ነው።

ወረቀቱ የሚጀምረው ቁልፍ በተቀበሉበት ቀን ነው። ቆጣሪውን ቀኑ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ማንሣት፣ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ መዘጋቱን የሚያሳይ ማስረጃ ከአከራዩ መጠየቅ፣ ቤቱ የራሱ ቆጣሪ እንዳለው ማረጋገጥ። የሕንጻው ሒሳብ በካሬ ሜትር ተከፋፍሎ የሚመጣ ከሆነ የእርስዎ ቁጠባ ለጎረቤትም ይደርሳል፤ የእሱ ብክነትም ለእርስዎ። ለቀው ሲወጡም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ንባብ እስኪወሰድና የመዝጊያው ሒሳብ እስኪወጣ ጊዜ ስለሚወስድ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ማመልከት ነው። ማስያዣ ገንዘቡ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ አገር ቤት ከገቡ በኋላ እሱን በስልክ ማስለቀቅ የቻለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።